ይሄነው የደበቀው ባጃጅ

ይሄነው ምሥጢር ይዞ ያደረበት ቀን የለም። ይህን እንጅባራ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሱም ራሱ አይክደውም። «ያልተነገረ ነገር ሆድ ይነፋል» እያለ፣ ማለዳ ባጃጅ ተራ ላይ የሰማውን እስከ ምሳ ድረስ ለከተማው አዳርሶ ይጨርሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የማንንም ገመና አያወጣም። ብቻ የነገሩትን ሁሉ እንደ ጸበል ለደረሰበት መርጨት ይወዳል። እንግዲህ የባጃጅ ባለንብረቶች ማኅበር አንድ ባጃጅ የሚደብቅ ሰው ፈልጎ ይሄነውን ሲመርጥ፣ ተራው ላይ የቆሙት ሾፌሮች ሆዳቸውን ይዘው ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ነገሩ የመጣው በእህቱ ልጅ በትዕግስት ነው። በዚያ ዓመት፣ በሁለት ሺህ ሰባት፣ በከተማው የባጃጅ ስርቆት በዝቶ ነበር። በር ላይ ያቆሙት ሲነጋ የለም። አንዱ በጫግኒ በኩል ቆላ ወረደ ይባላል፣ ሌላው ተፈታቶ ተሸጠ ይባላል፤ ተገኘ የተባለ ግን አልተሰማም። ትዕግስት ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ እዚያው ደህና ሥራ ይዛ ነበር። ይህን ስትሰማ ሥራዋን ለጊዜው ትታ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ይዛ መጣች። ያቺ ነገር ባጃጁ ሆድ ውስጥ ትሸሸግና ትንሽ ቆይታ፣ ትንሽ ቆይታ «ጢቅ» ትላለች። ጢቅታውን በባዶ ጆሮ የሚሰማ የለም። የጣሪያ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና የሚመስል ብረት በእጁ ይዞ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የደፋ ሰው ግን ይሰማታል፤ ብረቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞርም ከየት በኩል እንደምትጮህ ያውቃል።

ሾፌሮቹ በስልክ ሲም ካርድ ለምን አታደርጊውም ብለው ጠይቀዋት ነበር። ዳመና ባየ ቁጥር የሚጠፋ ኔትወርክ ሌባ ያስይዛል ወይ አለቻቸው፤ በዚህ የተከራከራት የለም። የሷ መቀበያ ጆሮውን የሚከፍተው በጠባብ ስንጥቅ ብቻ መሆኑንም አስረዳች። የዓለም ጫጫታ በዚያ ስንጥቅ አይገባም፤ ጢቅታዋ ግን ቀጭን ናትና ሾልካ ታልፋለች፤ ስለዚህ አቅሟ ትንሽ ሆኖ ሳለ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ይሄነው ይህን በሰማ ማግስት ለተራው ሁሉ በራሱ መንገድ ተረጎመው፤ ቅዳሜ ገበያ መሐል የገዛ በግህ ስትጮህ ከሺው በግ ለይተህ ትሰማት የለም ወይ፣ እንደዚያ ነው አላቸው። ትዕግስት ሣቀች፤ በጓን ግን ተውሳ ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ስታስረዳ እሷኑ ትጠራ ጀመር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ናቸው። ሁለት ባጃጅ አላቸው፤ ሾፌር ሲያስቸግራቸው አንደኛውን ራሳቸው መንዳት የጀመሩ፣ በወሬ የማይደለሉ ሴት ናቸው። ልጅቱን ሰምተው ሲያበቁ ውሳኔያቸውን ባጭሩ ተናገሩ። አንድ ባጃጅ ይደበቅ። ቅዳሜ ማኅበሩ እስኪሰበሰብ ድረስ በመሣሪያዋ ካገኘችው ሁሉም በየባጃጁ ያስገባል፤ ካላገኘችው በሰላም ወደ ሥራዋ ትመለስ። የባሕር ዳሩ መሥሪያ ቤትም ቦታዋን የሚጠብቅላት እስከ ሰኞ ብቻ ነበር።

ባጃጁን ለሙከራ አስከፍቶ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ይሄነው የራሱን ሰጠ። ትዕግስትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ተመልሳ ብትሄድ ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። ደባቂውስ ማን ይሁን ሲባል፣ እሷ ዘመዴ ያልሆነ ሰው ይደብቅ ብላ ነበር፤ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ግን ባጃጁ የሱ ነው፣ ቢጠፋም የሚያለቅሰው እሱ ነው፣ ይደብቅ አሉ። ዝቅ ብለውም፣ ብቻ አፉንም አብሮ ይደብቅ ብለው ጨመሩበት።

ቅዳሜ ማለዳ ይሄነው ባጃጁን ነድቶ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወደሚኖረው ወዳጁ ወደ እንየው ዘንድ ወሰደው። ከጭድ ክምሩ ኋላ አስገብቶ በሚኒባስ ተመለሰ። ፍለጋው ሲጀመር እሱ ከተማ ይቀራል ተብሎ ነበር። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ግን ከዓይናቸው ከራቀ ለአንዱ ሹክ ይላል ብለው፣ የሳቸውን ባጃጅ እንዲነዳ አስቀመጡት።

ከከተማው ጫፍ ቆሙ። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካንዴላው ብልጭታ በረጨ ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ ይንጫጫልና። ትዕግስት ብረቷን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗን ጨፍናለች። ብረቱ ዘንገና ወዳለበት ወደ ጥሊሊ መንገድ ሲዞር ቆም አለች። ትክክል ናት፤ ይሄነው ሳትነግረው ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ በኋላ መንዳቱ ጉድ ሆነ። ወደ ዘንገና ሲሉት ባጃጁ ይበራል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን እናጣራ ስትለው ደግሞ እንደ ታመመ በሬ ይጎተታል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ትዕግስት ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ለእትዬ ወርቅአየሁ ይስጧቸው።»

«ምን አጠፋሁ? አንዲት ቃል ወጣኝ?»

«ዝም ብለው እየነገሩኝ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ መሪውን ያዙ። ይሄነው ከኋላ ፊቱን ወደ እንጅባራ አዙሮ እንዲቀመጥ ተፈረደበት። ዓይኔንም ልጨፍን ወይ ብሎ አኮረፈ፤ ብትጨፍን ደግ ነበር ተባለ።

ዘንገና ደርሰው ከአስፋልቱ ወረዱ። የእንየው ቤት በግራ፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ይሄነው ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ አሁን «በግራ» ትላለች፣ እሱም በደስታ ይጮሃል። ሞተሩ ጠፋ። ብረቱ ዞረ። በሐይቁ ዳር ያሉ ጦጣዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም።

«በቀኝ ነው» አለች ትዕግስት። «ከሐይቁ ማዶ።»

ይሄነው ፍርዱን ረስቶ ዞረ። በጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ነገር ተጋጨ። መሣሪያው ተሳስቶ ከሆነ ልጅቱ ሰኞ ሄደች ማለት ነው። መሣሪያው ልክ ከሆነ ደግሞ ባጃጁ እንየው ቤት የለም፤ ተሰርቋል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚሳለው ለየትኛው ነው?

ትዕግስትም ቸኩላ አላመነችም። ሐይቁ ያለበት ጉድጓድ ገደሉ ዙሪያውን ከፍ ያለ ነው፤ ድምፅ ከገደል ተመልሶ እንደሚያስተጋባ ሁሉ የሷም ጢቅታ ከገደሉ ነጥሮ ሊመጣ ይችላል። ከአንድ ቦታ የሰማሽው ሊዋሽሽ ይችላል ብላ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ ነገረቻቸው። ስለዚህ በዳርቻው ዞረው ሌላ ቦታ ቆሙ፤ ከዚያም ሌላ ቦታ። በያንዳንዱ እያዳመጠች፣ ከሩቅ አንድ ዛፍ ወይም ጉብታ ምልክት እያደረገች፣ መሬት ላይ በስንጥር መስመር አሰመረች። ይሄነው ቁጢጥ ብሎ አያት። ሕፃን ሆና ስታነብ ግንባሯን እንዲህ ትቋጥር ነበር፤ አሁን ግን ያን ግንባር ሲያይ ልጅ አላየም። መስመሮቹ የተገናኙት ከሐይቁ ማዶ፣ ለከሰል ከሚተከለው ዛፍ፣ ከዲከረንስ ጫካ ላይ ነው።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ይሄነው ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ልጄ፣ በግራ ነው» አለ። «እንየው ቤት። በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት፣ ከጭዱ ኋላ።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጭናቸውን መቱ። «አበላሸኸው። ለዚህች ላንዲት ልጅህ ስትል እንኳ ዝም ማለት አቃተህ?»

ትዕግስት አልተቆጣችም። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ማዳመጫዋን መልሳ ደፋችና ብረቱን ወደ እንየው ቤት አዞረች፤ ቆየች። ወደ ማዶ አዞረች፤ ቆየች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያስገቡት ማለዳ ነው» አለች። «ይቺ የምትጮኸው አሁን ነው።»

«እዋሻለሁ?»

«አይዋሹም። ግን በቀኝ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቤቱ እዚህ ነው፣ ገብተን አይተን ብንመለስ ምን ይጎዳል አሉ። ትዕግስት ራሷን ነቀነቀች። «ሄደን ብናገኘው ያገኘው የጋሼ አፍ ነው። ወደ ማዶ እንሂድ። እዚያ ከሌለ መሣሪያዬ አልሠራም ማለት ነው፤ ሰኞ እሄዳለሁ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ትንሽ አዩዋትና መሪውን ወደ ቀኝ መለሱ። ይሄነው ከኋላ ተቀምጦ ማጅራቷን እያየ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ እሱም ቢሆን፣ ወደ ግራ ዞር ብሎ «አገኘሁት» ይል ነበር፤ ማንስ ይጠይቀው ነበር?

ጫካው ሥር ባጃጁን ትተው በእግር መንገዱ ወጡ። ጢቅታው አሁን በየአቅጣጫው እኩል ይጮሃል፤ ከልክ በላይ ቀርበዋልና ብረቱ አይለይም። ትዕግስት አንቴናውን ነቀለችው። መቀበያውን ደረቷ ላይ ለጥፋ በገዛ ሰውነቷ እየከለለች ቀስ ብላ ዞረች፤ ጀርባዋን ስትሰጠው ድምፁ ይደክማል፣ ፊቷን ስትሰጠው ይበረታል። እንዲህ እየዞረች፣ ጥቂት እየተራመደች፣ ከአንድ የከሰል ጆንያ ክምር ፊት ደረሰች።

ክምሩ ላይ እንየው ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ፈረሱ አጠገቡ ይግጣል።

ይሄነው እፎይ ብሎ ሮጠ። «ባጃጄስ?»

«የምን ባጃጅ?» አለ እንየው።

«እንየው፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ መሆንህንማ አየሁ። አንተው አይደለህ ‹እኔ ራሴ መጥቼ ብለምንህ እንኳ እንዳታሳየኝ፣ አደራ› ያልከኝ? አደራ ደግሞ እኔ ቤት አይበላም።»

እንየው ከዚያ በኋላ የተናገረው ከይሄነው ጋር ሳይሆን ከወይዘሮ ወርቅአየሁ ጋር ነው። ይሄነው እንደሄደ አንድ መንገደኛ ከጭዱ ኋላ ሰማያዊ ነገር አይቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። እንየው እንዲህ የሚታይ ነገር ተደበቀ አይባልም ብሎ አሰበ። ከወንድሙ ጋር ሆኖ በፈረሱ አስጎትቶ፣ ሐይቁን አዙሮ እዚህ አመጣው፤ ጆንያ ከመረበት፤ ቅርንጫፍ ደረበበት። ለይሄነው ስልክ ደውሎ ያልነገረውም ለሱ የነገሩት ሁሉ ለከተማው እንደሚዳረስ ስለሚያውቅ ነው።

ትዕግስት ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም። አንዱን ጆንያ ገፋ አድርጋ እጇን ሰደደችና ሰማያዊውን ብረት ነካችው። እንየው ተነሣላት። «ለሱ አልሰጥም» አለ፤ «ላገኘችው ነው የምሰጠው» ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበላት።

ያን ዕለት ማታ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ያዩትን ተናገሩ። አዝመራው የሚባል፣ ባለፈው ክረምት ባጃጁ ተሰርቆበት አዲስ የገዛ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት ዓይነት ሰው ብድግ አለ። አጎቷ አብሯት ነበር፤ አልነገራትም ወይ ሲል ጠየቀ። ሁሉም ወደ ይሄነው ዞረ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጣሪያውን ተመለከቱ። ትዕግስት ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ይሄነው ቀደማት።

«ነገርኳት» አለ። «በግልጽ ነው የነገርኳት። በግራ ነው፣ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት አልኳት። ያሳደግኋት ሰው ነኝ። ከደባቂው በላይ ማን ያውቃል? እሷ ግን አልሰማችኝም።» ወደ አዝመራው ዞረ። «ሰምታኝ ቢሆን ባጃጄ እስካሁን ጆንያ ሥር ነበር።»

አዝመራው ቆቡን አነሣና ወጣ። ተቀይሞ ነው ተብሎ ሁለት ሰው ሊመልሰው ተነሣ። ወዲያው ከደጅ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ የአዝመራው ባጃጅ አፍንጫውን እስከ በሩ ደፍ ድረስ አስገብቶ ቆመ።

«የኔን ከየት በኩል ነው የምትከፍቺው?» አለ አዝመራው ከወንበሩ ሳይወርድ።

ትዕግስት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ መጀመሪያ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገረችው።