የጋሽ ደመቀ ምርቃት

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከጋራ ሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋዝ ወጥቶ አሥራ ሁለት አባወራ ያበስልበታል ሲባል መንደሩ በሳቅ ፈርሶ ነበር። «በስማም! በዚያ የተሠራ ወጥ ማን ይበላል?» ተበላ እንጂ! ዓመት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ከሰል የሚገዛ ጠፋ።

ጋዙን የዘረጋው ፕሮጀክት ጥገናውን የሚያስተምረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጠና ያለችው የግቢው ነዋሪ ጽጌማርያም «እኔ ልማር፣ በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ?» አለች። የግቢው ሰብሳቢ ጋሽ ደመቀ አልሰሟትም። ኢብራርን መረጡ። አባቱ ሲሞት እንደ ልጃቸው ያሳደጉት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሥራ ካጣ እንደሚሰደድ ያውቃሉ። በሙያ አስረው ሊያስቀሩት ነው እንግዲህ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ!

ኢብራር ስድስት ወር ተምሮ ምስክር ወረቀት ያዘ። ጉድጓዱ ሲደፈን የሚከፍተው፣ ቱቦው ሲያፈስ ሳሙና ቀብቶ በአረፋው የሚያገኘው እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። ከዚያ ዱባይ ያለ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ድርጅት ያንኑ ምስክር ወረቀት አይቶ ቪዛ ላከለት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ዘሀራ ልጇን አስከትላ ጋሽ ደመቀ ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ይመርቁልኝ። እርስዎ ሳይመርቁኝ አልሄድም ብሏል።»

ጋሽ ደመቀ ሳምንቱን ሙሉ «አልመርቅም» ማለትን ሲለማመዱ ነው የከረሙት። እምቢ ካሉ ልጁ ይቀራል።

«ግቢውንስ ለማን ጥለኸው ነው?»

ኢብራር መሬት መሬቱን አየ። «ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው። ጉድጓድ ከፍቼ ስወጣ ሁሉም ‹ተባረክ› ይለኛል። በ‹ተባረክ› ትዳር አይያዝም።»

እሳቸውም «ተባረክ» ሲሉት ነው የኖሩት። ዘሀራ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እጃቸውን ዘረጉ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

«አሚን።»

«ክፉ አይንካህ።»

«አሚን።»

«ሰው አገር አያስቀርህ።» ኢብራርም አሚን አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሄደ። በወሩ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ምድጃዎቹ ጠፉ፣ የከሰል ጆንያ በየደጁ ተገተረ። ጋሽ ደመቀ ፕሮጀክቱ ቢሮ ተመላልሰው ለምነው የአንድ ሰው የሥልጠና ቦታ አገኙ። ጽጌማርያም ዘንድ ሮጡ።

«ያኔ ነበር እንጂ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «አሁንማ ወገቤ አይታጠፍልኝም።»

ቢቸግራቸው የግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። በማግስቱ ዘጠኝ ወጣት ደጃቸው ተሰለፈ። ሽማግሌው እንባቸው መጣ። «እሰይ የኔ ልጆች! ለሰፈራችሁ አሰባችሁ!»

ከፊት የቆመችው የጎረቤት ልጅ ሜቲ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ጋሼ፣ ምስክር ወረቀቱን ግን በስንት ወር ነው የሚሰጡን?»

ከኋላዋ ያሉት ስምንቱም መልሱን ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ። ጋሽ ደመቀ እስክሪብቷቸውን አወጡና ስሟን ጻፉ።