ቁጥሩ የገጠመለት ጠመንጃ

የጥበቃ ድርጅቱን የመሣሪያ ጠጋኝ ሁሉም ሰው ጋሼ ብረት ይለዋል። ሁለት ነገር ደሙን ያፈላዋል፤ ያልተወለወለ ጠመንጃና የተወለወለ ውሸት። ያን ዕለት ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ባንድ ላይ መጡበት።

ቀድሞ የመጣው ውሸቱ ነው። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ፣ ዘይት እንዳይነካት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመች። ወረቀቱ "የመጋዘን ቁጥር ሁለት ጥበቃ ሠራተኛ የዝናብ ጨርቁን ከአፈሙዙ ሳያወጣ በመተኮሱ፣ በገዛ ቸልተኝነቱ ዓይኑን አጥቷል" ይላል። ከግርጌው የመሣሪያ ባለሙያው የሚፈርምበት ባዶ መስመር አለ።

"እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ ጋሼ። ከሰዓት ኮሚቴው ይቀመጣል፤ በዚሁ ያሰናብቱታል መሰለኝ።"

"መሣሪያውን ሳላየው?"

"ካስፈለገ በኋላ ያዩታል ብለዋል።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበት፣ ዛሬ ፈርም ይሉኛል። እኔ ፈራሚ ነኝ ወይስ ጠጋኝ? ሂጂና አምጪልኝ። አይቼው እውነት ከሆነ በሁለት እጄ እፈርማለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ጠዋቱን ወጥቶ ስለነበር፣ ልጅቱ ክፋት የሌለባት ናትና ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥታ ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልላ አመጣችለት።

ዓይኑን ያጣው ዘበኛ ፉጨት ይባላል። ሲጠብቅ ያፏጫል፤ ሲራመድ ያፏጫል፤ ሌባ እንኳ የት እንዳለ አውቆ ይሸሸዋል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ በወሩ የተኩስ ልምምድ ላይ፣ ሁለተኛ ጥይቱን ሲተኩስ ጠመንጃው በኋላው ፈነዳና የቀኝ ዓይኑን ወሰደው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ገና ሆስፒታል ሳይደርስ ነበር ጥፋቱ በራሱ ላይ የተለጠፈው። ዘበኞቹ ዝናብ ሲመጣ አፈሙዙ ውስጥ ጨርቅ ይወትፋሉ፤ አንዳንዴም ይረሱታል። ወሬው ስለዚህ ቀላል ነበር፤ ሁሉም አመነው። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ብረትም አምኖታል።

አሁን ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ አሰረው። የተሰነጠቀው ሰደፍ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ ማንም ሊጠርገው እንኳ አልደከመም። እያጉረመረመ መቀርቀሪያውን፣ ያንን ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ በእንጨት መዶሻ እየመታ አወጣው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙሮ በውስጡ ተመለከተ።

የተደፈነ አፈሙዝ ይናገራል። ጥይቱ ከጨርቁ ጋር በተጋጨበት ቦታ ብረቱ ያብጣል፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት የቀለበት ጥላ ይታያል። ጋሼ ብረት ይህን ጥላ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል አይቶታል። እዚህ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ጥላ የለም። በጣቱ ውጪውን ዳበሰው፤ ለስላሳ ነው። ቀለሁን ከጥይት ማረፊያው በጉጠት ሲያወጣው ደግሞ መቀመጫው አጠገብ ለሁለት ተተርትሯል። እንዲህ የሚሆነው መቀርቀሪያው ላልቶ ጥይቱን አጥብቆ ሳይዘው ሲቀር ነው። ጨርቅ የሚባል ነገር የለበትም።

"ይህን መቀርቀሪያ እኮ እኔ ነኝ የገጠምኩት" አለ ለራሱ። ትዝ ይለዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ይህ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ጠፍቶ ሲመጣ፣ ከአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ ሌላ ፈልጎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድ እየላገና በመለኪያ እየፈተነ አጣጥሞለት ነበር። እንዴት ሊላላ ይችላል? አጉሊ መነጽሩን አንስቶ ቁጥሩን አነበበ። እሱ የገጠመው 3071 ነበር። ይሄኛው 5540 ይላል።

ጋሼ ብረት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። 5540ን ያውቀዋል። መኖር የነበረበትንም ቦታ ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ።

ሥራ አስኪያጁ አሮጌ ጠመንጃ መሰብሰብ አመሉ ነው። አሥራ አራት ያህል አሉት፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው የተሠሩበት ዘመን ከሥራቸው ተጽፎ። ከሁሉም የሚወደው አካሉ ላይ 3071 የሚል ቁጥር ያለበትን ነው፤ ግን መቀርቀሪያው የራሱ አልነበረም፤ 5540 ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺ ቁጥሯ ብትገጥምልኝ ኖሮ" እያለ ይተክዝ ነበር። ባለፈው የክረምት ጽዳት ጊዜ ደግሞ ጋሼ ብረት የፉጨትን ጠመንጃ ሲያጸዳ የመቀርቀሪያውን ቁጥር አነበበና ልቡ በደስታ ዘለለ። የሥራ አስኪያጁ ጠመንጃ የጠፋ መቀርቀሪያ፣ ያ ከአሮጌ ብረት ውስጥ ያገኘው፣ ለካ እዚሁ እጃቸው ላይ ኖሯል። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ አስመጣለት፤ "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" አለው፤ ቀጥሎም በቀላሉ ይወጣል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ብረትም በሙገሳው ሞቅ ብሎት "እንደ ቅቤ" አለው።

እንደ ቅቤ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። መቀርቀሪያው ለፉጨት ጠመንጃ ተልጎ የተሠራ ስለሆነ ከቦታው መነቃነቅ እንደሌለበት ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ሻዩን ጠጥቶ ወረደ እንጂ አልተናገረም። ይህን ሲያስብ በማን ላይ ይበልጥ እንደተናደደ ለይቶ ማወቅ አቃተው።

ሥራ አስኪያጁ ሲመለስ ጋሼ ብረት ቢሮው ውስጥ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር የጠበቀው። አላንኳኳም፤ አልተቀመጠም።

"ይክፈቱልኝ" አለ።

"ምኑን?"

"3071ን። መቀርቀሪያውን ልየው።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሰውየው ክፉ ፊት የለውም፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። ያን ጊዜም ቀላ። "ስድስት ዓመት ነው የፈለግኩት" አለ። "ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። የእሱን ወደኔ፣ የኔን ወደሱ አዛወርኩት። ገባ እኮ። ሁለት ሦስቴ አቀባበልኩት፤ ችግር አልነበረውም።"

"የሰው ጫማም እግር ውስጥ ይገባል። በመለኪያ ፈትነውታል?"

"እኔ ምን መለኪያ አለኝ?"

"እኔ አለኝ። ከዚህ ደረጃ በታች፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ። አንድ ቃል ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? እሺ፣ ስህተት ነው እንበል፤ ሰው ይሳሳታል። ከፈነዳ በኋላስ? ሦስት ሳምንት ቆልፈው ያስቀመጡት ምን እንደሆነ ስላላወቁ ነው?"

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። "ስማኝ፤ ዓይኑ እንደሆነ አይመለስም። እኔም አንተም ጡረታ ደጃፍ ላይ ነን። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም? ደግሞስ መቀርቀሪያው እዚያ ጠመንጃ ላይ እንዳለ ማን ነው የነገረኝ? እንደ ቅቤ ይወጣል ያለኝስ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አብረን ነን።"

"አብረን ነን" አለ ጋሼ ብረት። "አብረን እንጻፋለን።"

የፊርማውን ወረቀት ገልብጦ፣ እዚያው የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ፣ በሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ጻፈው። የማን መቀርቀሪያ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳዛወረው፣ የት እንዳለ ማን እንደጠቆመ፣ ጠቋሚው ምን ማስጠንቀቅ ሲገባው ምን ሳይናገር እንደቀረ። ስሙን ሁለት ቦታ ጻፈ፤ አንዴ በመርማሪነት፣ አንዴ በአጥፊነት። ከሰዓት 3071ን ከመስታወቱ ሳጥን አስወጥቶ፣ ኮሚቴው ፊት ሁለቱን መቀርቀሪያዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ 5540ን የፉጨት ጠመንጃ ውስጥ አስገብቶ፣ በመለኪያው ምን ያህል እንደሚንቀጫቀጭ አሳያቸው። 3071 በገባ ጊዜ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ እሱ እንኳ ገባው። የስንብቱ ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ፤ ሥራ አስኪያጁም ከጉባኤው እንዲወጣ ተጠየቀ።

ጋሼ ብረት ጉባኤው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ፉጨት ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ፣ ሥራ አስኪያጁን እየረገመ፣ ለፉጨት የሚነግረውን እያዘጋጀ ነበር። ደግሞም፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ መልካም ዜና የያዘ ሰው ኩራት ትንሽ ትንሽ ይሰማው ነበር።

ፉጨት አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ተቀምጧል። ሚስቱ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጋሼ ብረት የራሱንም ድርሻ ሳያስቀር ሁሉንም ነገረው። ፉጨት አላቋረጠውም።

"ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነበር" አለ ፉጨት። "ያን ቀን አውጥቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። አስታውሳለሁ። ለሁሉም ነገርኳቸው። ሁሉም ረስተህ ነው ሲሉኝ፣ የሌላ ቀን ይሆናል አልኩ። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዋ ስትመጣ ረስቼ ነው ብዬ ፈረምኩላት። የገዛ እጄን እንዳላምነው አደረጋችሁኝ ጋሼ።"

"እነሱ..."

"እርስዎም። ሆስፒታል የመጡ ቀን ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? ገና ደሙ ሳይደርቅ። 'ስንቴ ነገርኳችሁ' አሉኝ።"

ጋሼ ብረት ማለቱን ረስቶት ነበር። ብርቱካን ይዞለት እንደሄደ ብቻ ነበር የሚያስታውሰው። አሁን የራሱ ድምፅ፣ ያ የቁጣ ድምፁ፣ እንዳለ መጣለትና የሚገባበት ጠፋው።

"ይቅር በለኝ" አለ።

"እሱን በኋላ አስብበታለሁ" አለ ፉጨት። "ዓይኔ ላይ ያደረጋችሁትን አደረጋችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚስቴ 'ምናለ አፈሙዙን አንዴ ብታየው ኖሮ' ትለኛለች፤ እኔም እውነትሽን ነው እላታለሁ። ማታ ማታ እሷ ስታለቅስ እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ለኮሚቴው ተናግረዋል አይደል? ለእሷም ይናገሩ።"

ጠራት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች።

ጋሼ ብረት ተነሥቶ ቆመ። ለኮሚቴው ቁጥር ነበረው፤ መለኪያ ነበረው፤ እዚህ ምንም አልነበረውም። "እህቴ" አለ፤ "ጠመንጃውን ያበላሸነው እኛ ነን። እኔና ሥራ አስኪያጁ። ጨርቅ አልነበረበትም። ባልሽ ምንም አላጠፋም።"

ሴትየዋ ባሏን አየችው፤ ከዚያ ጋሼ ብረትን፤ ከዚያ መልሳ ባሏን። አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጠችና እርጥብ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

ፉጨት ደህናውን ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"የመጨረሻዋን ቃል አንዴ ይድገሟት" አለ።

ጋሼ ብረትም ደገማት።