የወጌሻው ቀኖና

እግሬን የሰበረችኝ በቅሎ ዛሬም ደህና ናት። ከአርብ ገበያ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተታት፤ እሷ ተነሥታ ሣር ጋጠች፣ እኔ ጭኔና ዳሌዬ ተሰብሮ ቀረሁ። ይኸው አምስተኛ ዓመቴ።

ሆስፒታል ብረት አስገብተው አዳኑኝ። ቤት ስገባ ዘመዶቼ ደግሞ ወጌሻ አመጡ። አሽቶ አሽቶ፣ "የኔታ፣ ካመመዎት እንዳይረግጡት" ብሎኝ ሄደ። እኔ የድጓ መምህር ነኝ፤ የንስሐ አባት እንደሰጠኝ ቀኖና አድርጌ ያዝኩት። ቀኖና የሚፈታው የሰጠው ሰው ነው። ወጌሻው ደግሞ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ።

ሕመሙ አልተወኝም። ብርድ ሲነካኝ፣ ከመደብ ስነሣ ይጠዘጥዘኛል። በጠዘጠዘኝ ቁጥር እንደገና የተሰነጠቀ ይመስለኝና እግሬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። ለማስተማሩስ እግር አያስፈልግም። የናፈቀኝ ወረብ ነው። ጥር ሃያ አንድ የእመቤታችን ታቦት ወጥታ ሜዳው ላይ ስትቆም፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሆነን የምናሸበሽበው። ከፊቴ የሚቆመው መሪጌታ ክንዱ ነበር፤ ከድጓው ምስክር ቤት፣ ከቤተ ልሔም፣ አብረን ተምረን አብረን ያስመሰከርን። ቅንድቡን ከፍ ሲያደርግ ምን ሊል እንደሆነ አውቅ ነበር።

በየዓመቱ በበዓሉ ጠዋት ደጄ ይመጣል።

"ተነሥ እንጂ! ቦታህን ለማንም አልሰጠሁም።"

"አጥንቴ ገና ነው፤ ለከርሞ።"

"የአንተ ከርሞ አያልቅም!" ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። እኔ ከበሮውን ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ። አራት ጥር እንዲህ አልኩት። ባለፈው ኅዳር ክንዱ አረፈ።

ታኅሣሥ ላይ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሆስፒታል ሄጄ፣ ህይወት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየችኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ራጅ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

"የኔታ፣ አጥንቱ ያኔውኑ ገጥሟል። አልነገሩዎትም?"

ነግረውኝ ነበር። እያመመኝ እንዴት ልመን?

"ሕመምዎ እውነት ነው" አለች። "ከባድ ስብራት ካለፈ በኋላ ነርቩ ለዓመታት ሳይረጋጋ ሊቀር ይችላል፤ በትንሹም ያማል። ባለመርገጥም ጡንቻዎ ደክሟል። አመመዎት ማለት ግን ተሰበረ ማለት አይደለም። በየቀኑ ቀስ እያሉ ይርገጡት። ሕመሙ ጨርሶ ላይተውዎት ይችላል።"

"እንግዲህ ፈታሽኝ" አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ክንዱ ደጄ ቆሞ ሲጠራኝ፣ ያ ሁሉ ጊዜ፣ አጥንቴ ድኖ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ሃያ አንድ ማንም አልጠራኝም። መቋሚያዬን ይዤ እያነከስኩ ሄድኩ። ተማሪዎቼ ወንበር ይዘው ቢመጡ ተቆጥቼ መለስኳቸውና ረድፉ ውስጥ ገባሁ። ከበሮው ሲመታ ጭኔ ነደደ፣ ላቤ ወረደ፤ እግሬን ግን አላነሣሁም። አንዱን ወረብ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ክንዱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ተመስገን የሚባል ወጣት ደብተራ ቆሟል። ጎበዝ ነው፣ ድምፁም ያምራል።

ስንጨርስ እንባዬን አይቶ ወደ እኔ መጣ።

"የኔታ፣ አመመዎት?"

"አዎ" አልኩት።

እግሬ መስሎት በክንዱ ደገፈኝ።