የነጻው ቦይለር

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ራስ በሻምፑ አረፋ ሞልታ ቧንቧውን ስትከፍት፣ መጀመሪያ ዝገት የመሰለ፣ ቀጥሎ በረዶ የመሰለ ውሃ ወረደ። ደንበኛዋ ጮኻ ከወንበሩ ተስፈነጠረች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቦይለር ከሥሩ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍልታ፣ ይቅርታ እየጠየቀች አጥባ ሸኘቻት።

ቤቷና ሥራዋ አንድ ላይ ናቸው። የፊተኛዋ ክፍል ፀጉር ቤት፣ የኋለኞቹ መኖሪያ። ቦይለሩም ለሁለቱም ያው አንዱ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ክዳኑን ፈታና ውስጡን በባትሪ አየ። "እህቴ፣ ሆዱን ዝገት በልቶታል። ዛሬ ብናስበይደው ነገ በሌላ በኩል ይፈሳል።"

"አዲሱ ስንት ይፈጃል? ቁርጡን ንገረኝ።"

"ዕቃው ብቻ?"

"ከነምናምኑ! በኋላ 'ይቺን ረስቻት' እንዳትለኝ።"

ቦይለሩን፣ ቱቦዎቹን፣ ቫልቩንና የእጁን ዋጋ ደምሮ ነገራት። ለሁለተኛ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ መግዣ ያስቀመጠችው ገንዘብ ልክ ይሸፍነዋል። ካስኩ ይቆይ ብላ ቆረጠች።

ማታ ባሏ ከመጋዘን ሥራው ሲመለስ ነገረችው።

"ለምን ይገዛል?" አለ ጫማውን እያወለቀ። "ወንድም ጋሼ ቤቱን ሲያድስ ያወረደው ቦይለር አለ። በነጻ!"

"ደህና ቢሆን ለምን አወረደው?"

"በፀሐይ የሚሠራ አስገብቶ ነዋ! አንቺ ደግሞ ነጻ ነገር ስታዪ ያምሻል።"

ነጻው ቦይለር በኪራይ መኪና መጣ። በርሜል ያህላል። የድሮው ማንጠልጠያ አልችለው ስላለ አዲስ ተበየደለት። ማንጠልጠያውን ለመትከል ግድግዳው ሲበሳ ልስኑ ረገፈና ግንበኛ ተጠራ። ተሰቅሎ ውሃ ሲሞላ አላሞቀም፤ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ኖሯል። ሬዚስታንሱ ሲቀየር ደግሞ በተከፈተ ቁጥር መብራቱን ድርግም ያደርገው ጀመር። መስመሩ በወፍራም ሽቦ ይቀየር ተባለ።

"ይቺ የመጨረሻዋ ናት" አለ ባሏ።

"ባለፈውም የመጨረሻዋ ነበረች! ስንት መጨረሻ አለው ይሄ ቦይለር?"

በመጨረሻ አሞቀ። የካስኩ ገንዘብ እስከ ሳንቲሟ አልቋል። እሷም ይሁን ብላ ዋጥ አደረገችው።

ቅዳሜ፣ ደንበኞች ተራ ይዘው በተቀመጡበት፣ የዋርሳዋ የወንድም ጋሼ ሚስት ልጆቿን አስከትላ ገባች። "እንዴት ነው ቦይለራችን?" ብላ ተራ ሳትጠብቅ መታጠቢያው ላይ ጋደም አለች። ከነልጆቿ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ደርቃ ስትነሳ ፀጉር ሠሪዋን ሳመቻትና "ከቦይለሩ ላይ አስቢው" ብላ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። በሦስተኛው ጎረቤቷን ጨምራ መጣች።

የዚያን ዕለት ማታ ፀጉር ሠሪዋ ፈነዳች። "ወይ ቦይለሩን መልስ፣ ወይ አንተ ቆመህ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልልላቸው!"

ባሏ ሳቀ። "ዘመድ አይደሉ እንዴ? ምን አለበት?"

"ምን እንዳለበት ቅዳሜ ቀርተህ እይ።"

ቅዳሜ ከሥራ ቀረ። ፎጣ ሲያቀብል፣ ፀጉር ሲጠርግ አረፈደ። የዋርሳዋ ሚስት ከጎረቤቷ ጋር መጥታ ከባለተራዎቹ ፊት ተቀመጠች። ሰርግ የነበረባት የዘወትር ደንበኛ ሰዓቷን ደጋግማ አየችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ፀጉር ሠሪዋ ባሏን ዞር ብላ አየችው።

የባሏ ጆሮ ቀላ። "እትዬ" አለ መጥረጊያውን እንደያዘ፣ "ቦይለሩን ሰኞ እመልስላችኋለሁ።"

ሴትዮዋ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ቀና አለች። "ምን አጠፋን?"

"ምንም። በጣም ውድ ሆነብን።"

ወንድም ጋሼ ስልክ ደውሎ፣ የሰጠሁትን አልቀበልም ብሎ ጮኸ፤ ከዚያም አኮረፈ። ባልየው ቦይለሩን ወስዶ በራቸው ላይ አስቀምጦላቸው ተመለሰ። ቴሌቪዥን ሊገዛበት ያጠራቀመውንም ሳትጠይቀው አውጥቶ ሰጣት። ቧንቧ ሠራተኛው አዲሱን ገጥሞ ሳይመሽ ሄደ።

"ሽቦው እንኳን ቀረልን" አለ ባሏ።

"ዝም ብትል ይሻልሃል።"

ኩርፊያው ብዙ ቆየ። አንድ ቀን የዋርሳዋ ሚስት ብቻዋን መጣች። ሌላ ቦታ ከፍላ ተሠርታ ፀጉሯን አቃጥለውባታል። ጥግ ይዛ ተራዋን ጠበቀች። ፀጉር ሠሪዋ ሌላውን እንደምታጥብ አድርጋ አጠበቻት።

"ውሃው ፈጀኝ እኮ!" አለች ሴትዮዋ።

"አዲስ ስለሆነ ነው፣ እትዬ" አለችና ቀዝቃዛውን ከፈት አደረገችላት። ስትጨርስም ሙሉ ሒሳቧን ተቀብላ፣ መልሱን ቆጥራ በእጇ ላይ አኖረችላት።