አውቃታለሁ

ከሴትዮዋ በፊት ያወቀው ሶፋውን ነበር። ያ መደገፊያው ላይ የእንጨት ጌጥ ያለው ቡናማ ሶፋ በቀይ መስመር ተከቦ ስክሪኑ ላይ ድቅን አለ። ቀይ መስመር ማለት ማሽኑ "እርቃን አይቻለሁ፣ ሰው ይፍረድ" አለ ማለት ነው። ፈራጁ ደግሞ እሱ ነው፤ ጎማው።

ጎማው የሚለውን ስም ያወጣለት ኑሮው እንጂ እናቱ አይደለችም። ከዚህ ቢሮ በፊት ጉልበቱን የጨረሰው ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲለጥፍ ነው። አሁን ከብዙ ሰው ጋር በረድፍ ተቀምጦ፣ ሰዎች በስልካቸው የሚያስተላልፉትን የቀጥታ ስርጭት ያያል። የተፈቀደውን "ይለፍ" ይላል፣ ያልተፈቀደውን ይዘጋል። የሰው ገላ ከማየት ብዛት፣ "ዓይኔ የሥጋ ሻጭ ዓይን ሆኗል፤ ምንም አይደንቀው" ይላል።

ይቺኛዋ ግን ደነቀችው። ሶፋው ላይ የተቀመጠችው የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። በአንድ እጇ የሕፃን ሹራብ ለካሜራው ታሳያለች፣ በሌላው ልጇን አቅፋ ታጠባለች።

"እናቶች፣ ይቺን ተመልከቱልኝ! መቶ ጊዜ እጠቧት፣ ቀለሟ ንቅንቅ አይልም። የፈለገ ይጻፍልኝ፣ ቤቱ ድረስ እልካለሁ።"

የሚጽፉላት ግን እናቶች አልነበሩም። "ሹራቡን ማን ጠየቀሽ?" ይላል አንዱ። "ልጁን ወዲያ በይውና እንተያይ" ይላል ሌላው። እሷም የሚጻፈውን ታነባለች፤ ዓይኗ ወረድ ብሎ ሲመለስ ያስታውቃል። ከንፈሯን ነክሳ ሌላ ሹራብ አነሳች። ይኼኔ ሕፃኑ መብራቱን ሊያይ ጡቷን ለቆ ዘወር አለ። ወዲያው ሸፈነች፤ ማሽኑ ግን ቀድሟት ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው። የምታጠባ እናት አትነካም። ልጁ አፉን አንስቶ የጡቷ ጫፍ ከታየ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። በሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ገጹ ለዘለዓለም ይዘጋል። ከስሟ ጎን ሁለት ቀይ ነጥብ ተቀምጧል።

ወንድሙ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ያ ቤት በምን እንደሚተዳደር ጎማው ያውቃል። አክስቱ ደውላ ነግራዋለች። "ጉሮሯቸውን የምትደፍነው እሷ ናት፣ በዚያች ስልኳ። እባክህ ሂድና ጠይቃቸው" ብትለው፣ "እኔ እዚያ ቤት መቀመጫ የለኝም" ብሎ ዘጋባት።

ይህን ያለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ወንድሙ ባገባ ሰሞን ከጎሚስታ ቤት በቀጥታ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊል ሄዶ ነበር። ያኔ "እትዬ" ነበር የሚላት። እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጥቧል፣ ሸሚዝ ቀይሯል። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ እትዬ "ቆይ፣ አንዴ ቆይ!" ብላ ሮጣ መጥታ ሶፋው ላይ ጋዜጣ አነጠፈችለት። እንግዶቹ ሳቁ። ወንድሙም ሳቀ። እሱ በተላወሰ ቁጥር ጋዜጣው ሲንኮሻኮሽ ዋለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ብሏት አያውቅም፤ "ያቺ ሴትዮ" ናት።

"ብድር ይዘገያል እንጂ አይቀርም" አለ በሆዱ፣ "ይዘጋ" የሚለውን ቁልፍ እያየ።

"ጋሼ፣ ምነው ፈዘዝክ? ቆንጆ አየህ እንዴ?" አለችው ከጎኑ የምትሠራው ልጅ። ቢሮው "ሳቂታ" ይላታል።

"አጥቢ ናት። ልጁ ዘወር ሲል ታየባት።"

"ወይ የኛ ነገር! ጠዋት አንዱ ጡንቸኛ ደረቱን ገልብጦ ሲንጎማለል አሳለፍኩት። የሱ ጡት ከሷ አያንስም እኮ።"

"ለወንድ ጡት ደንብ አልወጣለትም።"

"ወተትም አልወጣው!" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ሳቋ አለቃውን ጠራው። አለቃው በዕድሜ ቢሰላ የጎማው ልጅ ይሆናል፤ ዲግሪ ስላለው ግን ጎማው ሲጠብቀው የኖረውን ወንበር ዓይኑ እያየ ወሰደበት። በሄደበት ሁሉ "ደንቡ ምን ይላል?" ስለሚል ስሙ "ደንቡ" ሆኖ ቀርቷል።

"ምን ይዘህ ነው?" አለው፣ አንተ እያለ።

"ሁለት ቀይ ያለባት ናት።"

"ታየ?"

"ታየ።"

"እና ምን ትጠብቃለህ? ዝጋት! ደንቡ ምን ይላል?" ብሎት አለፈ።

የአለቃው ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣፈጠው። ማንም "ተበቀለ" አይለውም። "ይዘጋ" ን ተጫነ። እንደ ወትሮው ትንሽ ሳጥን ብቅ አለችና "ባለገጿን በግል ያውቋታል?" ብላ ጠየቀች። ከሥር "አላውቃትም" እና "አውቃታለሁ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ሰው ለዘመዱም በዘመዱም ላይ እንዳይፈርድ የተቀመጠች ናት፤ ማንም ግን አያነባትም። ጎማውም ቢሆን "አላውቃትም" ን የሚመታው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው።

ዛሬ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

ስርጭቱ ቀጥሏል። ሴትዮዋ የሸጠችውን ልታነሳ ዘወር ስትል ሶፋው ተገለጠ። ሹራቦቹ የተደረደሩት ጋዜጣ ላይ ነበር። ሕፃኑ የሚተኛበትም ቦታ ጋዜጣ ተነጥፎበታል። ያ ጋዜጣ ለሱ ብቻ እንዳልተነጠፈ አሁን ገባው። ቢገባውም አልበረደለትም። ሹራብም ጋዜጣ ላይ ይቀመጣል፤ በሹራብ ግን ማንም አይስቅም።

ከታች አስተያየቱ እንደ ጉድ ይወርዳል። "ክሰሷት!" "እኔ ከስሻታለሁ፣ ዛሬ ትዘጋለች፣ ሃሃሃ!" ጎማው ይህን ሳቅ ያውቀዋል። ያን ቀን ሳሎኑን የሞላው ሳቅ ነው። አሁን ጣቱን ቢያሳርፍ አብሮ የሚስቀው ከነዚህ ጋር ነው።

"ቂሜ የራሴ ነው፤ ለናንተ አላከራየውም" አለ፣ ድምፁ ሳይታወቀው ወጥቶ።

"ምን አልክ ጋሼ?"

"አንቺን አይደለም።"

"አውቃታለሁ" ን ተጫነ። "በምን?" አለው ስክሪኑ። ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ ቤተሰብ። ቤተሰብ የሚለውን መረጠ።

ምርጫው አለቃው ስክሪን ላይ ደርሶ፣ ወዲያው ደንቡ ከማዶ ብድግ አለ። "ቤተሰብህ ናት? ታዲያ ዝጋት ስልህ አፍህ የት ነበር?"

"አፌስ እዚሁ ነበር። እኔ ነኝ ራቅ ብዬ የቆየሁት።"

"ይመዘገብብሃል!"

"መዝግብ። ከመጣሁ ጀምሮ የተመዘገበልኝ የለም፤ የሚመዘገብብኝ እንጂ።"

ስርጭቱ ወደ ሳቂታ ስክሪን ተሻገረ። ሳቂታ ሳትስቅ ስርጭቱን ወደኋላ መልሳ አየችው። ከዚያ የቢሮውን ደንብ ገጽ ከፍታ፣ አለቃው እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች፤ "'ሳይታሰብ ለቅጽበት ታይቶ ወዲያው የተሸፈነ፣ ይለፍ።' ደንቡ እንዲህ ይላል፣ አለቃ!"

አለቃው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጎማው ያቺን መስመር ያውቃት ነበር፤ ሊያስታውሳት አልፈለገም እንጂ።

ሳቂታ "ይለፍ" ን ተጫነች። ቀጥላም ተሳዳቢዎቹን አንድ በአንድ ታስወጣቸው ጀመር። "ውጣ! አንተም ውጣ! ሹራብ አትገዛ፣ በር ላይ አትገተር!"

ለምሳ ሲወጡ ጎማው ስልኩን ከመግቢያው ሳጥን ወሰደ፤ ሠራተኛ ስልክ ይዞ አይገባም። ወንድሙ ጋ ደወለ።

"አንተ ነህ? ማን ሞተ?" አለ ወንድሙ።

"ሰው ካልሞተ አይደወልም?"

"አንተማ ሰው ቢሞትም አትደውልም።"

ጎማው ይህንንም ዋጠው። "ስማ፤ ሚስትህ ልጁን ስታጠባ ስልኩን ወደሚሸጠው ልብስ ታዙረው። ለመሸጥ እጇና ድምፅዋ ይበቃታል። አንድ ጊዜ ብትሳሳት ትዘጋለች። ከየት ሰማህ አትበለኝ።"

ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል። "ማነው እሱ?" ስትል የሚስቱም ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ብነግራት 'አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ' ነው የምትለኝ" አለ ወንድሙ። "እዚሁ አጠገቤ ናት። ለምን ራስህ አትነግራትም?"

ጎማው የሚቀመጥበት ፈለገ። በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ አቧራ ጠጥቷል። እንዳለ ተቀመጠበት።

"እሺ" አለ። "እትዬን ስጠኝ።"