ለድንቡሼ የሚሆን ፊደል

ሊፍት ጠጋኙ ሱቄ የገባ ዕለት ምን ዓይነት ፊደል እንደሚፈልግ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላወቅኩለትም። ስቲከር ቆርጬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ደብተር ላይ፣ የስጦታ ሣጥን ላይ፣ የመኝታ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ፊደል የፈለገ ወደ እኔ ይመጣል። እሱን የማውቀው የሕንጻችን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር ግራሶ የነካው እጁን ወደ ኋላ ደብቆ በአንገቱ ሰላም ሲለኝ ነው። ያን ቀን ግን እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የመጣው።

«እትዬ፣ በር ላይ የሚለጠፍ ስም ፈልጌ ነበር» አለ። «ልጄ ልትመጣ ነው።»

ልጅ እንዳለው የሰማሁት ገና ያኔ ነው። ወሬ እወዳለሁና ጠየቅኩት፤ ሳይደብቅ ነገረኝ። ከእናትየዋ ጋር ሲለያዩ ልጅቱ ትንሽ ነበረች፤ እናቷ ሌላ ከተማ ይዛት ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላያትም። አሁን እናቷ ለሥራ ሩቅ ቦታ ልትሄድ ስለሆነ ልጅቱ ወይ ከእሱ ጋር ወይ ከአክስቷ ጋር መኖር አለባት፤ ምርጫው ደግሞ የራሷ ነው።

«መጥታ ታየዋለች፤ ቤቱን ከወደደችው ትቆያለች» አለኝ።

«ቁመቷስ? ፊደሉ ከዓይኗ ትይዩ ቢሆን ደስ ይላታል።»

እጁን ከባንኮኒዬ ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። «ይህን ታህላለች። ድንቡሼ ነው የምላት።»

ስሙ ደስ አለኝ። ለድንቡሼ ጥግ የሌለው፣ ክብ ክብ ያለ ፊደል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዲህ ያለው መዓት ነው። የወጣላቸው ስም አልያዝ ስለሚለኝ ራሴ ሌላ አውጥቼላቸዋለሁ። የተነፋው ፊኛ ነው። ጎንና ጎኑ ያበጠው ጉንጮ ነው። እግሩን አንፈራጦ የተቀመጠው ደግሞ ሰነፎ ይባላል።

ሊፍት ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠ። ፊኛን ሳሳየው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ኮስተር ብሎ «በጣም ወፍራም ነው፤ ትቀየመኛለች» አለ። ጉንጮን «ያኮረፈ ይመስላል» አለው። ሰነፎንም «እንቅልፉ መጥቷል» ብሎ ናቀብኝ። ቆርጬ እሰጠዋለሁ፤ በማግስቱ ይመልሰዋል። የመለሳቸውን እንዳልጥላቸው እያሳዘኑኝ ቁም ሣጥኔ ጎን ላይ ለጠፍኳቸው። ድንቡሼ የሚለውን ቃል ከማየቴ ብዛት የተደረደረ ሊጥ መስሎ ይታየኝ ጀመር። የትኛው እንደሚያምር፣ የትኛው እንደሚያስጠላ ለኔም ድብልቅልቁ ወጣብኝ።

በመጨረሻ ቱግ አልኩ። «ስማ፣ ልጅ የሚያየው ቀለሙን ነው! ፊኛን በቢጫ ውሰድና ገላግለኝ።» ወሰደ።

ልጅቱ በመጣች ማግስት ትከሻው ወርዶ ሱቄ በር ላይ ተገተረ።

«ክፍሉ ውስጥ አልገባ አለች» አለኝ።

«ምን ማለት ነው አልገባም?»

«በሩን አየችው። ጎንበስ ብላ አነበበች። ከዚያ ሻንጣዋን ሳሎን አስቀመጠች። ክፍሉ ያንቺ ነው ብላት፣ ‹ግድ የለም፣ ሶፋው ይሻለኛል› አለችኝ። ፊደሉ ይሆን እንዴ?»

«ድንቡሼ ብለህ አባብለህ አታስገባትም?»

«አፌ እምቢ አለኝ፤ በስሟ ነው የምጠራት። አድጋለች፣ እትዬ።»

«ልጅ ያድጋል ታዲያ! ልትቀር ኖሯል?»

ሥራዬ ስለተነካ ትንሽ ከፋኝ፤ እሱም አሳዘነኝ። ጉንጮን በሮዝ ቀለም ቆርጬ ሰጠሁት፤ ፊኛ ተነስቶ ጉንጮ ተለጠፈ። ባሰ። ልጅቱ ለአክስቷ ደውላ «እሁድ እመጣለሁ» ስትል ሰማት። ያን ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን ፊደል ስናገላብጥ ዋልን። የቱ ጋ እንዳጠፋን ሊገባን አልቻለም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች። የሱቄ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የገባችው። የሱቄ ስም ያለበት ከረጢት ይዛለች።

«የበሩን ስም እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለችኝ።

«የቱን በር?»

«የሊፍት ጠጋኙን ቤት። አባቴ ነው።» ከረጢቱን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች። «ድንቡሼ ማናት?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ልጁ ናት አይደል? ሌላ ልጅ እንዳለው ማንም አልነገረኝም። የት እንደላካት አላውቅም። ግን የትንሽ ልጅ ክፍል ቀምቼ አልኖርም። ሰሞኑን እንኳ ስሟን አንስቶ በአዲስ ለጠፈላት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሱን መጠየቅ ፈራሁ።»

ልስቅ ነው ላለቅስ ለራሴም አልገባኝም። እጇን ይዤ ወደ ቁም ሣጥኑ ጎን ወሰድኳት።

«ይኸውልሽ፣ አባትሽ ሲመልስብኝ የከረመው። ይህን ‹ትቀየመኛለች› ብሎ፣ ይህን ‹ያኮረፈ ይመስላል› ብሎ። ልጄ ልትመጣ ነው ብሎኝ ነው ይህ ሁሉ። ሌላ ልጅ የለውም። ድንቡሼ አንቺ ነሽ።»

አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ሁሉም የሚሉት ያንኑ ነው። ከዚያ የራሷን ቀጭን ክንድ አየት አደረገች።

«እኔ?»

«ያኔ ጉንጭሽ ሞልቶ ነበር መሰለኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እሱም ፈርቶሻላ!»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ዋናውን ስሟን ጨዋ በሆነ ቀጭን ፊደል ልቁረጥላት ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ፣ ድንቡሼ ይሁን» አለች፤ የፊኛውን እያሳየች። «ግን የለጠፈው ታች ነው። ለማንበብ መንበርከክ አለብኝ።»

ልዘጋ ስል አባትየው እያለከለከ ደረሰ። «ድንቡሼ እኔ ነኝ አለችኝ፣ እትዬ! ሻንጣዋን እየፈታች ነው! ፊኛውን በቢጫ ይድገሙልኝ፤ የፊተኛው ሳነሳው ተቀዷል።»

«እሺ፤ አሁን ግን በደንብ እንለካ። የት ላይ ነው የሚለጠፈው?»

እንደ ልማዱ እጁን ከባንኮኒው ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። ከዚያ ፈዘዝ አለ። እጁን ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሳው፤ ባንኮኒውን አለፈ፣ ደረቱን አለፈ፣ ጆሮው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ» አለ። እንባው ወረደ፤ እጁን ግን አላወረደውም። «ይህን ሁሉ ስታድግ አላየኋትም።»