ዜሮ አትጻፊ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ክብሪት» ነው የሚሉኝ። ይበሉኝ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ለስላሳ ሰው አይበረክትም። ቱቦውን በደንብ ሳይከድኑ ይልካሉ፣ ስም ሳይጽፉበት ይልካሉ፣ ከዚያ «ውጤቱስ?» እያሉ መስኮቴን ይደበድባሉ። እንዴት አልቆጣ!

እኛ ክፍል አንድ ልማድ አለ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ዜሮ አትጻፊ» ይሉኝ ነበር። አንቲቦዲ፣ ማለትም በደማችን ውስጥ እየዞረ ተሕዋስ የሚይዝልን መከላከያ፣ ከሰው ደም ጨርሶ አይጠፋም ባይ ናቸው። ማሽኑ ዜሮ ካለ ወይ ማሽኑ ተሳስቷል ወይ ናሙናው ተበላሽቷል። እኔም ከኋላዬ ለመጡት ሁሉ ይህንኑ አስተማርኩ። ዜሮ ሲመጣ «ናሙናው ተበላሽቷል፣ ይደገም» ብዬ እመልሳለሁ፤ አለቀ።

የአንዲት ልብስ ሰፊን ልጅ ደም በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መለስኩ።

በሦስተኛው እናትየው ራሷ መስኮቴ ላይ መጣች። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ልጁን በእጇ ይዛዋለች፤ አራት ዓመቱ ነው፣ ከሲታ፣ ግን እሳት የላሰ።

«እህቴ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚወጋው? የሚበላሸውስ ምን እየሆነ ነው?»

«ደሙን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም! እነሱን ጠይቂ» አልኳት።

አልተቆጣችም። መቆጣት የሰለቻት ሰው ናት። «ሳንባ ምች ስድስት ጊዜ ይዞታል። ጆሮው መግል ሳያወጣ ወር ሞልቶት አያውቅም። ክትባት አንድም አላስቀረሁበትም። አማቴ ግን ‹አያያዝ ስለማታውቂ ነው፣ ትገድይዋለሽ› ትለኛለች። አሁን አሁን እኔንም እየመሰለኝ ነው። እባክሽ፣ በኔ ከሆነም በኔ ነው በሉኝና ልወቀው።»

አንጀቴን በላችው።

ልጁ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ተንጠራራና በመስኮቱ አየኝ። «ክብሪቷ አንቺ ነሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«መርፌ የምትወጋዋ።»

ቆይ፣ አገኛታለሁ! «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ እንዳላቃጥልህ» አልኩት። አፉን በሰፊው ከፍቶ ምላሱን አወጣብኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጉሮሮውን አየሁ። እንጥሉ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ግራና ቀኙ ባዶ ነው።

«ቶንሲሉን መቼ አስወጣሽው?» አልኳት።

«ኧረ ማንም ነክቶት አያውቅም!»

ክው አልኩ። ቶንሲል እኮ የቢ ሴሎች ሰፈር ነው። ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች አጥንት መቅኒ ውስጥ ይወለዳሉ። እዚያው ደረጃ በደረጃ ያድጋሉ፤ እያንዳንዱም አንድ ዓይነት ጠላት ብቻ የሚለይበት መያዣ ያወጣል። የገዛ አካሉን ሊያጠቃ የሚቃጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ያለፈው ቶንሲልን በመሰሉ ቦታዎች ሆኖ ይጠብቃል። ጠላቱ የመጣ ቀን ይባዛል፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹ አንቲቦዲ ያመርታሉ፣ አንዳንዶቹ የጠላቱን መልክ ይዘው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ክትባትም የሚሠራው በዚሁ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ውሃ የጠጣሁ ሰው ነኝ። ቢ ሴል የሌለው ልጅ አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እጅጌዬን ሰብስቤ የራሴን ደም አስወሰድኩና ከልጁ አዲስ ናሙና ጋር ጎን ለጎን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። የኔ ደህና ነው። የሱ ዜሮ። ደገምኩት፤ ዜሮ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ የተበላሸው የኔ ጭንቅላት ነው። ሁለት ወር ሙሉ እውነቱ እጄ ላይ እየመጣ ስደፋው ኖሬያለሁ! በገዛ እጄ «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ይዤ ወደ ሕፃናት ሐኪሟ ሮጥኩ።

ሐኪሟ ሴሎቹን አስቆጠረች። ሌሎቹ ነጭ ሴሎች በቦታቸው አሉ፤ ቢ ሴል ግን ለመድኃኒት እንኳ አልተገኘም። እናትየው ስትጠራ እኔም ገብቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።

«የልጅሽ ቢ ሴሎች መቅኒው ውስጥ ገና በጅምር ይቀራሉ፣ አድገው አይወጡም» አለቻት ሐኪሟ። «ሲፈጠር ጀምሮ ነው። ከብዙ ደም ለጋሾች የተሰበሰበ አንቲቦዲ በየወሩ እንሰጠዋለን። ዕድሜ ልኩን ያስፈልገዋል፤ ግን ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል።»

«ከምን መጣበት፣ ዶክተር?»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ብዙውን ጊዜ በእናት በኩል ነው የሚተላለፈው። ሴቶቹን አያማቸውም፤ የሚያመው ወንዶቹን ነው።»

የእናትየው ፊት ጠቆረ። «እንግዲያው እውነትም በኔ ነው።»

አላስቻለኝም። «ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩ። «መታመም የጀመረው መቼ ነው?»

«ሰባት ወሩ ላይ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ነበር።»

«እስከዚያ ያቆየው ያንቺ አንቲቦዲ ነው! ሆድሽ ውስጥ ሳለ የሰጠሽው። ምንም ሳይኖረው ግማሽ ዓመት የኖረው ባንቺ ነው። ሁለት ወር ያስጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ዜሮውን አላምንም ብዬ። ጥፋተኛ ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ፣ ስደቢኝ!» እንባዬ መጣ፤ ክብሪት ስታለቅስ አይተው አያውቁም።

አልሰደበችኝም። ሜትሯን በጣቷ እየጠቀለለች «በእናት በኩል ካሉ፣ ወንድሜም ይሆን?» አለች። እሷ ሳትወለድ በሦስት ዓመቱ በሳንባ ምች የሞተ ታላቅ ወንድም ነበራት። «እናቴ ‹በብርድ ይዤው ወጥቼ ገደልኩት› ትላለች። እስከ ዛሬ ቤቷ መስኮት አይከፈትም።»

«እርግጠኛ ልሆን አልችልም» አለች ሐኪሟ። «ግን በጣም ይመስላል።»

እናትየው ስልኳን አወጣችና እናቷ ጋ ደወለች። አሮጊቷ ወዲያው አነሱ፤ «ልጁ ምን ሆነ?» ሲሉ ጩኸታቸው እኔ ጋ ደረሰ።

«ልጁ ደህና ነው። እማ፣ ስሚኝ። ወንድሜን ብርድ አይደለም የገደለው። የጎደለው ነገር ነበር፤ አንቺ አይደለሽም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ያቆየሽው አንቺ ነሽ።»

ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ልጁ «አያቴ ለምን ዝም አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ከቆይታ በኋላ አሮጊቷ ቀስ ብለው «ሰባት ወር» አሉ። «ሰባት ወር እስኪሞላው ድረስ አስነጥሶት እንኳ አያውቅም ነበር።»